ዝም በሉ፣ ልጁ ሊመታ ነው

ደብሊን ልጄ ቤት መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዝም በል እባላለሁ። ዝም የሚያሰኘኝ ደግሞ የልጅ ልጄ ነው። «አባባ፣ ዝም በል! ሳም ሊመታ ነው!» አንቱታው የት ገባ ብዬ አልጠይቅም፤ እናቱ ከአገር ስትወጣ ከሻንጣው ጋር ጠፍቶባት ይሆናል።

ሳም የሚለው ሳም ፕሬንደርጋስትን ነው። የኪልዴር ልጅ ነው፤ ኒውብሪጅ ኮሌጅ ተምሮ ለሌንስተር ክፍለ ሀገርና ለአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን ራግቢ ይጫወታል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እኔ ክረምት ክረምት የምደርበው ካፖርት በዕድሜ ይበልጠዋል።

ይህ ራግቢ የሚሉት ነገር ኳሱ እንኳ እንደ ሰው ኳስ ክብ አይደለም፤ እንቁላል ነው። በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው፤ ወደ ፊት ለመሄድ ወደ ኋላ ትሰጣለህ። ልምታ፣ ልሩጥ፣ ላቀብል የሚለውን በአብዛኛው የሚቆርጠው 10 ቁጥር የለበሰው ነው። እንደ በር የሚሰፉ፣ ልጆች ያሳደጉ ጎልማሶች የዚያን ልጅ አፍ ያያሉ። እኛ በዚያ ዕድሜያችን ሽማግሌ ካልተናገረ አፋችንን አንከፍትም ነበር፤ ብንከፍትም የሚሰማን አልነበረም።

ቅጣት ምት ሲገኝ ደግሞ ጉዱ ይመጣል። ልጁ ኳሱን ሣሩ ላይ ያቆማል፣ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ምሰሶዎቹን ያያል። 51 ሺህ ሰው የሚይዘው የአቪቫ ስታዲየም ጸጥ ይላል። ሊመሪክ ውስጥ ቶመንድ ፓርክ የሚባለው ሜዳማ በዚህ ጸጥታው ስሙ የወጣ ነው፤ ለባላጋራ መቺ እንኳ ዝም ይባላል። ቅዳሴ ላይ እንዲህ ያለ ጸጥታ ባገኝ ጸሎቴ ሁሉ በደረሰ ነበር። ይህ ሁሉ ለ3 ነጥብ ነው!

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ከእሱ በፊት ይህን 10 ቁጥር ማልያ ጆኒ ሴክስተን ለብሶት ነበር። ሴክስተን በ2018 የዓለም ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፤ ለአገሩ 118 ጊዜ ተሰልፎ በ38 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። እሱ እንኳ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ 24 ዓመቱ ነበር። ሳም በኖቬምበር 2024 ከአርጀንቲና ጋር ተቀይሮ ሲገባ ገና 21 ዓመቱ ነው። በሳምንቱ ከፊጂ ጋር ከመጀመሪያው ተሰለፈ። ሰው ሁሉ «ይህ ልጅ ቀጭን ነው፣ ተጋጣሚውን አይጥልም» ይላል። እሺ ብሎ ሄዶ ሰውየውን በትከሻው ቢገጨው ቢጫ ካርድ ተሰጥቶት 10 ደቂቃ ውጭ ተቀመጠ! ካልገጨ ይታማል፣ ከገጨ ይቀጣል። ምን ያድርግ?

በ2025ቱ የስድስት አገሮች ውድድር አራት ጨዋታ በተከታታይ 10 ቁጥሩን አለበሱት። እንግሊዝን፣ ስኮትላንድን፣ ዌልስን አሸነፉ፤ ልጁ 22 ዓመት የሞላው በስኮትላንድና በዌልስ ጨዋታዎች መካከል ነው። በአራተኛው ፈረንሳይ ደብሊን ድረስ መጥታ 42 ለ 27 ቀጠቀጠቻቸው። ለአምስተኛው፣ ለጣሊያን፣ ማልያውን የመንስተር ክፍለ ሀገሩ ጃክ ክሮውሊ ለበሰ። ክሮውሊም ቢሆን የሚያሳዝን ልጅ ነው፤ በ2024 አምስቱንም ጨዋታ በ10 ቁጥር ጀምሮ ዋንጫ ያመጣ እሱ ነው። ዋንጫ ያመጣን ሰው ወንበር ላይ ማስቀመጥ የየት አገር ምርቃት ነው?

አጠገባችን የሚኖር አንድ የአገሬው ሽማግሌ አለ። ይህ የ10 ቁጥር ጠብ ዛሬ የመጣ እንዳይመስልህ ይለኛል። በ1979 ቡድኑ አውስትራሊያ ሲሄድ ሕዝብ የወደደውን ቶኒ ዋርድን አስቀምጠው ኦሊ ካምቤልን አሰለፉ። ካምቤል አሸንፎ ተመለሰ፤ ጎረቤቴ ግን እስካሁን አልታረቀም። ቀጥሎ የመንስተሩ ሮናን ኦጋራና የሌንስተሩ ሴክስተን መጡ። አሁን ደግሞ እነዚህ ሁለት ልጆች። መጠጥ ቤት ውስጥ የመንስተር ሰውና የሌንስተር ሰው ስለ 10 ቁጥር ሲነሳ ድንበር እንደተገፋበት ባላገር ይሆናሉ። የሚደንቀው፣ ሰሜኑም ደቡቡም የአየርላንድ ክፍል በአንድ ቡድን ነው የሚጫወተው። በሁለት መንግሥት የተከፈለች ደሴት በራግቢ አንድ ሆና፣ በአንድ ማልያ ትጣላለች።

አንድ ነገር ግን ልመስክር። እነዚህ ሰዎች ተረግጠው፣ አፍንጫቸው ደምቶ፣ ጆሯቸው እንደ ጎመን ተጨማዶ እንኳ ዳኛውን «ጌታዬ» ብለው ነው የሚያናግሩት። ያንን ሰምቼ ወደ ልጅ ልጄ ዞር አልኩ። «አየህ?» ብለው፣ «አባባ፣ ዝም በል» አለኝ።

ባለፈው ሳም ሊመታ ሲዘጋጅ ልጄ ቡና ይዛ ገባች። ሲኒው ሲንቀጫቀጭ «ዝም በሉ!» ብሎ የጮኸ ሰው ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ነኝ ለካ።

ስለዚህ ልትጠይቁኝ የምታስቡ ወዳጆቼ፣ ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ እባካችሁ ካለቀ በኋላ ኑ። ከመካከላችሁ ኪልዴር የምትኖሩ ካላችሁ ደግሞ ለዚያ ልጅ ቅቤ የበዛበት ገንፎ አድርሱልኝ፤ በጣም ቀጭን ነው።