ሙቀቱ ነው አቦ!

መጋላ ሰፈር ውስጥ ወንድ ልጅ አይከፋውም፤ ይሞቀዋል። ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ ያደረውም፣ ከወንድሙ ጋር በውርስ ቤት የተካሰሰውም፣ ልጁ ፈተና የወደቀበትም «ምን ሆነሃል?» ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ሙቀቱ ነው አቦ!» ድሬዳዋ ደግሞ በዚህ ሰበብ አትሰስትም። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያሉት የከዚራ ሰፈር ሰዎች የዛፍ ጥላ ስላላቸው ሰበባቸው ትንሽ ይሳሳል። የእኛ አስተማማኝ ነው።

«የወንድ ልጅ እንባው ወደ ሆዱ ነው» ተብለን ነው ያደግነው። መካሪ አጥተን አናውቅም፤ ምክንያቱ ከከተማዋ አመጣጥ ይጀምራል። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ሜዳው ላይ ቀረ፤ ድሬም እዚያው በቀለች። ለሥራ የመጣው ሁሉ አባቱን አገር ቤት ትቶ ነው የመጣው። ስለዚህ አባት ከጎረቤት ተገኘ፤ የሰፈር ሽማግሌ ሁሉ ያለ ደመወዝ በአባትነት ተቀጠረ። ምክሩ በኦሮምኛ ይጀመራል፣ በሶማልኛ ይሳቅበታል፣ በአማርኛ ፍርድ ይሰጥበታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»ን አሳትመዋል። መጽሐፍ ደግ ነው፤ ሲሰለችህ ታጥፈዋለህ። የመጋላን ሽማግሌ ማጠፍ ግን አይቻልም።

ሰዓቱ የታወቀ ነው። ቀን ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ሱቅ ይዘጋል፣ በርጫ ይዘረጋል። ፍራሽ፣ ሽርጥ፣ እጣን፣ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ከአወዳይ የመጣ ጫት። መጀመሪያ ላይ ወሬው ስለ ኳስና ስለ ዶላር ነው። ምርቃና ሲገባ ሁሉም መካሪ ይሆናል። ስለ ጠባይ፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ያልተነገረ አይቀርም። የጫቱ ወጪ ከቤት አስቤዛ ላይ እንደሚነሳ ግን አንድም መካሪ ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ከሰዓት አዲስ ሙሽራ ፊቱን ጥሎ ገባና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። «ሙቀቱ ነው» አለ። ማንም አላመነውም። በምድር ባቡር ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ትራሱን አስተካክሎ ጀመረ፦

«ስማ ልጄ፣ ወንድ ልጅ ሚስቱን ይቅርታ አይጠይቅም። አንዴ ከጠየቅክ ዕድሜ ልክህን ነው።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። ጆሮው ስለሚከብደው የሚያወራው የስልኩን ድምፅ ለቆ ነው። የሚስቱ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ቲማቲሙስ?»

«ወላሂ ረስቼው! ይቅር በይኝ፣ ይኸው መጣሁ።»

ሙሽራው ቀና አለ። «አባ፣ አሁን ምን ነበር ያልከኝ?» (የድሬ ልጅ አንቱታ ላይ ቸልተኛ ነው፤ ንቀት አይደለም።)

«ይሄ ይቅርታ አይደለም» አለ ሽማግሌው ጫማውን እየፈለገ፤ «ይሄ ስለ ቲማቲም ነው።»

«ሴት የላከው ጅብ አይፈራም!» ብሎ አንዱ ከጥግ ሳቀበት። ጅቡማ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሐረር ነው፤ እሱንም ሰው በእጁ ያጎርሰዋል።

ስቄ ብተወው ደስ ባለኝ። ግን ሆዱ ሰፊ ነው የሚባል ወንድ ሳይ ደቻቱ ይታወሰኛል። ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይረማመድበታል። ተራራው ላይ የዘነበውን ከተማው አያየውም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ያ ደረቅ አሸዋ ተነስቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። በማግስቱ በዚያው ዳርቻ፣ እንባ ወደ ሆድ ነው ሲሉን የኖሩት ሽማግሌዎች ከነወጣቱ በአደባባይ አነቡ። ሙቀቱን ያነሳ ሰው አልነበረም። ወንድነቱ ጎደለ የተባለም የለም።

እንግዲህ ከመጋላ ምክር የቱን ልያዝ? «ባዶ እጅህን ቤት አትግባ» የሚለውን እይዛለሁ። የእኛ አባቶች «ናፍቀሽኛል» የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማንም፤ ግን ማታ ማታ ፓፓያ በፌስታል አንጠልጥለው ይገቡ ነበር፤ እናቶቻችንም ገብቷቸው ይመስለኛል፣ ፓፓያውን ከማንም ቀድመው ይቀበሉ ነበር። «ዝም በል፣ ቻለው» የሚለውን ግን ለባለቤቶቹ መልሻለሁ። እነሱም አልኖሩበትም።

ሙሽራው ያን ዕለት በርጫውን ሳይጨርስ ተነስቶ ሽማግሌውን ተከተለው። ሁለቱም ከአንድ ጉልት ገዙ አሉ። ወንድሞቼ፣ ይቅርታ መጠየቅ ከከበዳችሁ እናንተም ከቲማቲም ጀምሩ። ጠዋት በጊዜ ከሄዳችሁ ቀፊራ ገበያ ጥሩ ጥሩው አለ።