ቅቤው የት ነበር የሚቀመጠው?

ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ዓባይን ፍለጋ ከጎንደር ተነሥቶ ግሽ ድረስ መጣ። እኛ ደግሞ ቤተ መንግሥት ለማየት ከግሽ ተነሥተን ጎንደር ድረስ ሄድን። የእሱ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1790 በአምስት ጥራዝ ታትሞ ዓለም አነበበው። የእኛ ጉዞ ግን ደርሶ መልስ ስለሆነ ነው መሰለኝ እስከ ዛሬ ጸሐፊ አላገኘም። ሌላ ሰው ስጠብቅ ከማረጅ እኔው ልጻፈው አልኩ።

ነገሩ የተጠነሰሰው መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ወጣት «ጎንደር ደርሶ መልስ፤ ምሳና አስጎብኚ ያለው፤ ቦታው ውስን ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ስለ ቦታው አልዋሸም፤ መኪናው አንድ ዶልፊን ነበር። ከግሽ ዓባይ አክስቴና እኔ፣ ከፍኖተ ሰላም ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ ከጅጋ አዲስ ተጋቢዎች ተሳፈርን። ቡሬ ላይ አንድ የበቆሎ ነጋዴ ተጨመሩ። ሌሊት 9 ሰዓት ነው የተነሣነው። አክስቴ አንድ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ሁለት ሃይላንድ የግሽ ጠበል ይዘዋል። «ምሳ እኮ በክፍያው ውስጥ አለ» ብላቸው፣ «ንጉሥ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም» አሉኝ። ንጉሥ ከሌለ ብዙ ዘመን እንደሆነው ልነግራቸው አልደፈርኩም።

ቲሊሊን፣ ኮሶበርን፣ ዳንግላን በእንቅልፍ አለፍናቸው። ባሕር ዳር ነጋልን። ከወረታ በኋላ መምህሩ ነቁ፤ ጉብኝቱም ያኔ ተጀመረ። አዲስ ዘመንን አልፈን እንፍራንዝ ስንደርስ ኮረብታው ላይ ወዳለው ፍርስራሽ እየጠቆሙ «ያ ጉዛራ ነው! ጎንደር ሳይቆረቆር በፊት ዐፄ ሠርፀ ድንግል የሠሩት ቤተ መንግሥት!» አሉ። ሁላችንም እንውረድ አልን። ሹፌሩ መሪውን እንደያዘ «እሱ በክፍያው ውስጥ የለም» አለ። የጎንደርን ዘመን የቀደመ ቤተ መንግሥት በመስኮት አይተን አለፍነው።

ጎንደር ፋሲል ግቢ በር ላይ ደግሞ የትኬት ነገር ተነሣ። የቡሬው ነጋዴ «በጅምላ ስንት ታደርጉልናላችሁ?» ብለው ድርድር ጀመሩ። መምህሩ ወረፋ እስኪደርሰን ብለው አንድ ታሪክ ጣል አደረጉ፤ ባያደርጉት ይሻል ነበር። «ይገርማችኋል፣ የዛሬ 250 ዓመት ገደማ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ግሽን ለብሩስና ለዘሩ ለዘላለም ሰጥተውታል። ብሩስ ራሱ ጽፎታል።»

አክስቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ማንን? የእኛን ግሽ?»

«አዎ፣ እሜቴ።»

«ለዘላለም? ማንን ጠይቀው?» ወደ ትኬት ቆራጩ ዞሩ። «እንግዲያው ልጄ፣ እኛ ከፍለን አንገባም። ርስታችንን ለፈረንጅ የሸለመ ቤት እሱ ነው እኛን የሚከፍለን።»

ትኬት ቆራጩ ጨዋ ልጅ ነበር። «እማማ፣ እኔ እዚህ ከተቀጠርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው» አለ። አክስቴ የዕድሜውን ማነስ አይተው ማሩት፤ ከፈልን።

ሳንገባ ግን አክስቴ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ። አስጎብኚያችን ሮጦ መጣ። «ኧረ አያስፈልግም፣ እማማ! ቤተ መንግሥት እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለም።» አክስቴም «እኛ አገር ውሃው እንኳ ጫማ ያስወልቃል» አሉት። እውነታቸውን ነው። ብሩስም እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ሲደርስ የአገሩ ሰው ጫማህን ካላወለቅህ አትጠጋም ብሎት፣ በባዶ እግሩ ነው ወደ ምንጩ የወረደው። ከዚያም በኮኮናት ቅል ውሃውን እየቀዳ ለንጉሡ ለጆርጅ ሣልሳዊ ጤንነት ጠጣ። ጠበሉን ያለ ጾም፣ ያለ ጸሎት፣ ለእንግሊዝ ንጉሥ ብሎ የጠጣ ሰው ሆዱን ሳይቆርጠው መቅረቱ አክስቴን እስከ ዛሬ ይገርማቸዋል።

አስጎብኚው ወጣት ነው፤ ሥራውን ያውቃል፤ ችግሩ በቃሉ ማወቁ ነው። ካቋረጥነው ካቆመበት መቀጠል አይሆንለትም፣ ከዐፄ ፋሲል ይጀምራል። እኛ ደግሞ ጎጃሜዎች ነን፤ ሳንጠይቅ አናዳምጥም። ስለዚህ ዐፄ ፋሲል በዚያ ጠዋት ደጋግመው ነገሡ። እ.ኤ.አ. በ1632 ከአባታቸው ከዐፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን ተረከቡ፣ በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ፣ ኢየሱሳውያንን አባረሩ። ነጋዴው «ግድግዳው ውፍረቱ ስንት ነው?» አሉ፤ ዐፄ ፋሲል እንደገና በ1632 ዙፋኑን ተረከቡ።

አጥሩ 900 ሜትር ያህል ነው፣ በሩም 12 ነው ሲባል ነጋዴው ቆም አሉ። «12 በር? በየበሩ ቀረጥ ቢቀበሉ ስንት ይሆን ነበር?» ብለው በጣታቸው ማስላት ጀመሩ። የጅጋው ሙሽራ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሰማው። ከበሮቹ አንዱ በወይዘሮ እንቆዬ፣ በእቴጌ ምንትዋብ እናት ስም እንደሚጠራ አስጎብኚው ሲናገር፣ «ማለት ለአማታቸው የራሳቸውን በር?» አለ። ሙሽሪት ፈገግ ብላ ክንዱን ያዘች። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ፎቶ ሲያነሣ ብዙ አልሳቀም።

የፋሲል ግንብ በእውነት ያስደንቃል። አራት ማዕዘኑ ላይ እንቁላል የመሰለ ጉልላት ያላቸው ማማዎች ቆመዋል፣ ድንጋዩ በኖራ ተያይዟል፣ ከላይ ሲወጡ ሰማዩ የጠራ ቀን ጣና ይታያል። አክስቴ ጉልበታቸውን እየያዙ ወጥተው ወደ ደቡብ አዩ። «ግልገል ዓባያችን ከግሽ ወጥቶ የሚገባው እዚያ ነው» አሉ፣ ልጃቸው የሚማርበትን ዩኒቨርሲቲ የሚያሳዩ ይመስል። አስጎብኚው ግንቡን ማን እንደሠራው ሲያስረዳ፣ ስለ ፖርቱጋሎችና ስለ ሕንዶች የሚባለውን አነሣ። አክስቴም «እሱን ተወው፤ ድንጋዩን ማን ተሸከመው?» አሉ። ዐፄ ፋሲል እንደገና በ1632 ዙፋኑን ተረከቡ።

ወደ ታላቁ ኢያሱ ግንብ ስንዞር ነገሩ እየከፋ ሄደ። ግንቡን እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በ1941 ደግሞ ጣሊያኖች ግቢውን ይዘውት ሳለ የእንግሊዝ ቦምብ ደረሰበት። ባለቤቱስ? ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ዙፋናቸውን ወስዶ፣ በ1706 ተገደሉ። ልጁም በ1708 በተራው ተገደለ። የመዝሙር ቤት የሠሩት ዐፄ ዳዊት በ1721 በመርዝ ሞቱ። አስጎብኚው ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ሲጨርስ አክስቴ አማተቡ።

«መርዙን በምን አድርገው አበሏቸው?»

«ይኼ... አልተጻፈም፣ እማማ።»

«ወጥ ቤቱ የት ነው?»

አስጎብኚው ዞር ዞር አለ። የአንበሶቹን ቤት አሳይቶናል። መታጠቢያውን አሳይቶናል። የቀዳማዊ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት አሳይቶናል። ወጥ ቤት ግን በቃሉ ባጠናው ውስጥ አልነበረም። አክስቴ አለቀቁትም። «ይህን ሁሉ ሰው፣ ይህን ሁሉ ዘበኛ፣ ይህን ሁሉ ካህን ማን አበላው? ቅቤውስ የት ነበር የሚቀመጠው?»

ዝም አለ። ዐፄ ፋሲል እንኳ አልነገሡም።

ያን ጊዜ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ብሩስ ስለ ደጋው አገዎች፣ ማለትም ግሽንና አካባቢዋን ይዘው ስለኖሩት ሰዎች፣ የጻፈውን ነገሩን። ጎንደር በከብት፣ በማር፣ በቅቤ፣ በስንዴ፣ በቆዳና በሰም የምትኖረው ከእነሱ ነው። ሺህ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ እየሆኑ ሸክማቸውን ይዘው በተከታታይ ወደ ከተማዋ ይወርዳሉ። «በዚያ ሁሉ መንገድና ሙቀት ቅቤው እንዳይበላሽ ደግሞ» አሉ መምህሩ፣ «ካሮት የሚመስል ቢጫ ሥር ቀጥቅጠው ይጨምሩበታል...»

«መቅመቆ!» አሉ አክስቴ።

መምህሩ ደነገጡ። «ብሩስም የጻፈው መቅመቆ ብሎ ነው!»

«ታዲያ ምን ብሎ ይጻፈው? መቅመቆ ነዋ!» ከዚያ በኋላ ጉብኝቱን አክስቴ ተረከቡት። መቅመቆ ምን ዓይነት መሬት እንደሚወድ፣ ሥሩ እንዴት እንደሚቆፈር፣ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ለጋ ቅቤ ላይ ስንት እንደሚበቃ፣ ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ በታላቁ ኢያሱ ግንብ ጥላ ሥር ቆመው አስተማሩ። አጠገባችን የነበሩ ፈረንጆች የራሳቸውን አስጎብኚ ትተው ወደ እኛ ተጠጉ፤ የእኛው ልጅ ያስተረጉምላቸው ጀመር። አንዲት ሴትዮ ማስታወሻ አወጣች። የእኛም አስጎብኚ አወጣ።

መሰናበቻ ላይ ልጁ «እንግዲህ ደስ ካላችሁ...» ብሎ አንገቱን ደፋ። መምህሩ እዚህም ላይ ታሪክ አላጡም። ብሩስን ወደ ግሽ የመራው ወልዶ የሚባል ሰው ነበር። ከምንጩ አጠገብ ሲደርሱ አመመኝ፣ አልችልም እያለ አስቸገረ። ፈውሱ የብሩስ ወገብ ላይ የነበረው ቀይ የሐር መቀነት ሆኖ ተገኘ፤ እሱ ሲሰጠው ድኖ መንገዱን አሳየ። ነጋዴው ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ወደ ቀበቷቸው ሰደዱ። «እኔ ይኼን አልሰጥም!» አሉ፤ ግን ከሁላችንም አብልጠው ያዋጡት እሳቸው ናቸው። አክስቴ ደግሞ አንዱን ሃይላንድ ጠበል ለልጁ ሰጥተው «ነገ በባዶ ሆድህ ጠጣው፤ ለእንግሊዝ ንጉሥ ግን እንዳትል» አሉት።

የንጉሥ ቤት በኖራና በድንጋይ ብቻ አይቆምም። በቃል የሚነገረው ታሪክ ግን የነገሠውን፣ የገደለውንና የተመረዘውን ይዘረዝራል እንጂ ማሩን፣ ስንዴውንና ቅቤውን ተሸክሞ ከደጋ የወረደውን ሰው አያነሣም። አስጎብኚው አይወቀስም፤ ያስተማሩት መጻሕፍትም የነገሥታት ናቸው። ለዚህ ነው ጎንደር የምትሄዱ አንባቢዎች ሁሉ አንድ ነገር እንድታደርጉ የምለምነው፤ እናታችሁን፣ አክስታችሁን ወይም ጎረቤታችሁ ያሉትን ባለሙያ እሜቴ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወጥ ቤቱን ጠይቁ፣ መልስ እስኪገኝም አትውጡ። እናንተ አስጎብኚዎች ደግሞ ከፋሲል እስከ ምንትዋብ ባለው ንግግራችሁ ውስጥ ለቅቤ ተሸካሚው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩለት። እኛም ከግሽ ስንመጣ ያለ ክርክር ትኬት እንቆርጣለን።