በውስጥ ወይስ በውጭ? በጋምቤላ ነዋሪዎች (ሰውን ሳይጨምር) የጽንሰት ልማድ ላይ የተካሄደ ጥናት

ዳራ

ከግንቦት ጀምሮ ዝናቡ ሲጠነክር በጋምቤላ በባሮ ወንዝ ዳር የሚያድር ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በሁለት ምክንያት ነው፦ በሙቀቱና በእንቁራሪቱ። ስለ ሙቀቱ ብዙ ተብሏል። ስለ እንቁራሪቱ የተሰነዘረው አስተያየት ግን «ኧረ ዝም በይ!» ከሚለው አላለፈም። ያውም ስህተት አለበት፤ የሚጮኸው ወንዱ ነው። ጥናቱ ያስፈለገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ዘዴ

መረጃው የተሰበሰበው በምልከታና በንባብ ነው። አዞ ለቃለ መጠይቅ ፈቃደኛ ነበር፤ ጠያቂ ግን አልተገኘም።

ግኝት 1፦ ውጫዊ ጽንሰት

ሴቷ እንቁራሪት ጥሪውን ሰምታ ስትመጣ ወንዱ ጀርባዋ ላይ ይለጠፋል። እሷ እንቁላሏን ውሃ ውስጥ ስትጥል እሱ ዘሩን እላዩ ላይ ያፈሳል። ሽማግሌ አይላክም፣ ጥሎሽ አይቆጠርም። አምባዛ የተባለው ዓሣም ወንዙ ሞልቶ ሣሩን ሲያጥለቀልቅ በሌሊት ወደ ዳር ይወጣል፤ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ወላጆቹ ይመለሳሉ። ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ትልቅ የናይል ፐርች እናት ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትለቃለች፤ ከዚያ ሁሉ ጥቂት ቢያድግ ይበቃታል።

የዘዴው ፈተና ሰዓት ማክበር ነው። የአብዛኞቹ የወንዝ ዓሦች ዘር ውሃ ከነካው በኋላ የሚዋኘው ለአንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ነገሩ በሐበሻ ቀጠሮ ቢሆን ኖሮ ባሮ ውስጥ ዛሬ የሚገኘው ውሃ ብቻ ነበር።

ግኝት 2፦ ውስጣዊ ጽንሰት

የብስ ላይ የፈሰሰ ዘር ይደርቃል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ወደ ውስጥ ገብቷል። አዞ ውሃ ውስጥ ቢውልም እንቁላሉን የሚቀብረው አሸዋ ውስጥ ነው። ቅርፊት አንዴ ከተሠራ ዘር አያስገባም፤ ጽንሰቱም ከዚያ በፊት በእናትየው ሆድ ውስጥ ማለቅ አለበት። የጫጩቶቹን ጾታ የሚወስነው የጎጆው ሙቀት ነው፦ 32 እና 33 ዲግሪ አካባቢ ወንድ ይበዛል፣ ከ31 በታች ሴት። እንግዳ ሁሉ የሚያማርረው የጋምቤላ ሙቀት ሥራ እንዳለው የተረጋገጠው እዚህ ላይ ነው።

ነጭ ጆሮ ቆርኬም ከዚሁ ወገን ነው። በ1966 ዓ.ም በተቋቋመው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክና በደቡብ ሱዳኑ ቦማ መካከል የሚመላለሰው ይህ እንስሳ በመራቢያ ወቅት ትንሽ መሬት ይዞ ከወንድሞቹ ጋር ይዋጋል። ሴቷ የወደደችውን ባለይዞታ ትመርጣለች። ከዚያ እሷ ስምንት ወር ገደማ አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ እሱ ይዞታውን ሲጠብቅ ይቀራል።

ያልተጠበቀ ግኝት

ጥናቱ የተነሣው «በውጭ ያጸነሰ ልጁን ይጥላል፣ በውስጥ ያጸነሰ ይንከባከባል» ከሚል መላምት ነበር። መላምቱን ያፈረሰችው ቆሮሶ የተባለችው ዓሣ ናት። እንቁላሏን ወንዱ በቆፈረው ጉድጓድ ትጥላለች፤ ጽንሰቱ በውጭ ነው። ከዚያ ግን እንቁላሉን አፏ ውስጥ ሰብስባ፣ ጫጩቶቹ ተፈልፍለው እስኪጠነክሩ ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ምግብ ሳትቀምስ ትቆያለች። ይህች ጾመኛ በኋላ ተጠብሳ ለጿሚ መቅረቧ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው። አዞም ልጆቿን በአፏ ይዛ ወደ ውሃ ታደርሳለች። የአዞ አባት አልፎ አልፎ በአካባቢው ስለሚታይ በመዝገቡ ላይ «ተገኝቷል» ተብሎ ተፈርሞለታል።

ምክረ ሐሳብ

በመማሪያ መጻሕፍት ሠንጠረዥ ላይ «ውስጣዊ» እና «ውጫዊ» ከሚሉት ዓምዶች ቀጥሎ «ልጁን ማን ያዘ?» የሚል ሦስተኛ ዓምድ ይጨመር። በዚህ ጥናት ናሙና መሠረት በአባት በኩል ያለውን ለመሙላት ብዙ ቀለም አይፈጅም።