የሃይሉክሴ ዓይኖች

አህያዋን ያላየኋት ዓይኔ ደክሞ አይደለም። ሃይሉክሴን ከቆመበት ወደ አስፋልቱ ሳወጣ በስፖኪዮ አይቻለሁ፣ በመካከለኛው መስታወት አይቻለሁ፣ ክላክስም አድርጌያለሁ። እሷ ግን አንድ ጆንያ ገብስ ተሸክማ፣ ሁለቱም መስታወቶች በማያሳዩዋት ቦታ ላይ ቆማ ታሰላስላለች። ጆንያው ተቀደደ፤ ገብሱ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ።

የገበያ ቀን ስለነበር ዳኛ አልጠፋም። ባለቤቷ አዛውንት ጆሮዋን እየደባበሱ፣ «ልጄ፣ እሷ እንደሆነች ከጧት ጀምራ እዚሁ ናት፤ አንተ ነህ የመጣህባት» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የገብሱን ዋጋ ከፍዬ፣ አህያዋንም በዓይኔ ይቅርታ ጠይቄ ሄድኩ።

ያቺን ቦታ መካኒኮቹ «ብላይንድ ስፖት» ይሏታል፤ የመኪና ዕውር ቦታ። ከኋለኛው በር አጠገብ ናት። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ አስተማሪያችን «አንገትህን አዙር!» እያለ የሚጮኽብን ለሷ ነበር። ፈረንጆቹ አንገት ማዞር ሳይሰለቻቸው አልቀረም፣ በነሱ አቆጣጠር 2005 ገደማ ቮልቮ ስፖኪዮው ሥር ካሜራ ሰክቶ፣ በጎን የሚመጣ ነገር ሲኖር መብራት የሚያበራ መሣሪያ ለገበያ አወጣ። ኋላ ካሜራው ቀርቶ ራዳር ሆነ። የኔ ሃይሉክስ እንዲህ ያለ ቅንጦት ሳይነካው የተሠራ ነው። እኔም ከአህያዋ ጉዳይ በኋላ ባሕር ዳር ወርጄ ዓይን ላስገጥምለት ቆረጥኩ።

ኤሌክትሪሻኑ ወጣት ልጅ ነው። ከመኪናው ኋላ በርከክ ብሎ ባምፐሩን በጣቱ አንኳኳ። «ጋሼ፣ ይሄ ብረት ነው።»

ብረት መሆኑን ስገዛው እንደ ሙገሳ ነበር የነገሩኝ። ለካ ራዳር በፕላስቲክ እንጂ በብረት ውስጥ አያልፍም። አውቶሞቢሎች ባምፐራቸው ፕላስቲክ ስለሆነ ራዳሩ ከጀርባው ይደበቃል፤ ፎርድ እንኳ ለኤፍ-150 ፒክአፑ የኋላ መብራቱ ውስጥ ነው የከተተው። «ለርስዎ የሚሆነው የድምፁ ነው» አለኝ ልጁ። የድምፁ ማለት የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ እየላከ ማሚቶውን የሚጠብቅ፣ የሌሊት ወፍ የምትሄድበት ዘዴ ነው። ዋጋውም ከራዳሩ በብዙ ይቀንሳል። ባምፐሩ በድሪል ተበሳ። ሁለት ዓይን በቀኝ፣ ሁለት ዓይን በግራ፤ ሽቦው በሻንሲው ሥር አልፎ ክሩስኮቱ ላይ ካለች ትንሽ ቀይ መብራትና «ጢጥ» ከምትል ነገር ጋር ተገናኘ።

እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ንጉሥ ነበርኩ። ከተማው ውስጥ በቀኜ አንድ ባጃጅ ሾልኮ ሲመጣ «ጢጥ» አለልኝ። ስልክ አውጥቼ ለባለቤቴ ደወልኩ (መኪናውን አቁሜ ነው)። «ስንት ከፈልክ?» አለችኝ። ኔትወርኩ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁት።

ክምር ድንጋይን አልፈን የጉና ብርድ ሲቀበለን ነገሩ ተለወጠ። ጢጥ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም። ጢጥ ጢጥ። በግራ ገደል፣ በቀኝ የገብስ ማሳ። ንፋስ መውጫ ስንገባ ጭራሽ ያለማቋረጥ ይጮኽ ጀመር።

ኤሌክትሪሻኑ ዘንድ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ንፋስ አለ እንዴ?»

ምን ብዬ ልመልስለት? ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ተቀምጣለች፤ ስሟንም ያወጡላት ሰዎች ያዩትን ነው የተናገሩት። የድምፅ ዓይን ደግሞ ጠላቱ ንፋስ ነው፤ የላከውን ድምፅ ይበትንበታል፣ የራሱንም ፉጨት ያሰማዋል። የሲኖትራክ የአየር ፍሬን «ጽሽሽ» ሲልም ያው ነው፤ ውስጡ እኛ የማንሰማው ቀጭን ድምፅ ስላለ መሣሪያው የራሱ ማሚቶ ይመስለዋል። መስመራችን ደግሞ ከወረታ ወልድያ የሚዘልቀው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ነው፤ ከባድ መኪና አይጠፋበትም። ንፋስ ሲያርፍ ሲኖትራክ ይመጣል፣ ሲኖትራኩ ሲያልፍ ንፋሱ ይመለሳል።

አንድ ቀን ጋይንት ቤተልሔም ድጓ ሲያስመሰክሩ የቆዩ የኔታ ጋቢናዬ ውስጥ ተሳፈሩ። ጥቂት ሰሙና፣ «ይህ ነገር ምን እያለ ነው?» አሉኝ። በጎን የሚመጣውን የሚናገር መሣሪያ መሆኑን አስረዳሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና አዳመጡ። «ቅዱስ ያሬድ 8 ምልክት ሠራልን። ድፋት አለ፣ ቅናት አለ፣ ርክርክ አለ። ይህ ቁርጥ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ገና ብዙ ይቀረዋል» አሉ።

የበለጠ የተቀየመው ግን ረዳቴ ነው። እሱ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ የጋቢናውን ጣራ በመዳፉ እየመታ ነው የሚነዳኝ፤ አንዴ ሲመታ ቁም፣ ሁለቴ ሲመታ ሂድ። ጭድ ጭነን የወጣን ዕለት፣ ጭዱ በኋላ ተንጠልጥሎ ዓይኖቹ ላይ ስለወረደ መሣሪያው መንገዱን ሙሉ የገዛ ጭነታችንን ሲከስ ዋለ። ከላይ ልጁ ሁለቴ ይመታል፤ ከታች ጢጥ ይላል። አንዱ ሂድ፣ አንዱ ቁም። ስንቆም ወርዶ፣ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የማየው ወይስ እሱ?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ልጁ ይበልጣል። መሣሪያው «አንድ ነገር አለ» ነው የሚለው። ልጁ ግን፣ «በቀኝ የእማማ በግ ናት፣ ግልገሏ ከኋላ ቀርታለች፣ ትንሽ ይጠብቋት» ይላል። እኛ አገር በዕውር ቦታህ የሚቆመው ሁልጊዜ የሆነ ሰው ንብረት ነው። የማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ነገ ለቅሶ ላይ ትገናኛላችሁ። በዚሁ በኩል አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ያስቀለጡትን ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. በጨጨሆ አድርገው ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ያ መድፍ ሞተሩም ፍሬኑም ስፖኪዮውም ሰው ነበር።

መሣሪያውን ግን ያለቦታው አልስደበው። አዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ በአንድ አቅጣጫ ሦስት መስመር አለ፤ እዚያ ለሚመላለስ ሰው ራዳር ቢኖረው ዋጋውን ያወጣል። የኔ ዓይነቱ ግን እዚያም አይረዳ። የሚያየው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሜትር ነው። እኔ በ80 ስሄድ በ100 የሚመጣ መኪና ሁለት ሜትር ተኩሉን ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ይውጠዋል። ጢጥ የሚለው ካለፈ በኋላ ለስንብት ነው።

ከሁሉ ያናደደኝ ኋላ የደረስኩበት ነገር ነው። ጆርጅ ፕላትዘር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በፈረንጆች 1995 ባወጣው ጽሑፍ፣ ብዙዎቻችን ስፖኪዮ የምናስተካክለው ተሳስተን እንደሆነ አሳይቷል። የራሳችንን መኪና ጎን እንዲያሳየን እናደርገዋለን፤ ጎኑ ደግሞ የትም አይሄድ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ጭንቅላትህን ወደ ግራ መስኮት ታስጠጋና የመኪናህ ጎን ለጥቂት ብቻ እስኪታይ የግራውን ስፖኪዮ ወደ ውጭ ትገፋለህ፤ ለቀኙ ወደ ጋቢናው መካከል ታዘነብልና ያንኑ ትደግማለህ። ቀና ስትል ጎንህ ይጠፋል፣ ዕውሩ ቦታም ከሞላ ጎደል ይበራል። ሞከርኩት። ረዳቴን በመኪናው ዙሪያ እያስኬድኩ አየሁት፤ ከአንዱ መስታወት ሲወጣ ሌላው ይቀበለዋል። ለዚህ ሳንቲም አልከፈልኩም። ይህን ሁሉ ዓመት የገዛ መኪናዬን በር ሳደንቅ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

አራቱ ዓይኖች አሁን ከነሽቦአቸው ተነቅለው በካርቶን ተቀምጠዋል። ንፋስ በማይበዛበት አገር የምትኖር አንባቢ ካለህ፣ ጭድም የማትጭን ከሆነ፣ በገዛሁበት ግማሽ ዋጋ ውሰዳቸው። ባምፐሩ ላይ የቀሩትን አራት ቀዳዳዎች ግን የሚገዛኝ የለም፤ ከተማ ስገባ ንፋሱ ያፏጭባቸዋል።