አንባቢው ማንበቡን እንዲቀጥል ያደርገዋል

የእንፋሎት ባቡርንና የእግር ኳስን ሕግ ለዓለም ያበረከተችው እንግሊዝ ሦስተኛውን ታላቅ ስጦታዋን ለራሷ ብቻ ይዛ መቅረቷ ይገርመኛል። ልብ ወለድን ሳያነቡ ልብ ወለድን የመተንተን ጥበብ ማለቴ ነው። ጥበቡ የሚሰጠው ለአገሩ ልጆች ነው፤ ዕድሜያቸው አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ደርሶ ጂሲኤስኢ የሚባለው አገር አቀፍ ፈተና ደጃፍ ላይ ሲቆሙ።

ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ። ኤኪውኤ የተባለው ፈተና አዘጋጅ ድርጅት ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ሁለት ወረቀት ያወጣል። የመጀመሪያው ወረቀት ከሃያኛው ወይም ከሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ የተቀነጨበ፣ መስመሮቹ በቁጥር የታሰሩ ምንባብ ይዞ ይመጣል። ጊዜው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ነጥቡ 80 ነው፤ ግማሹ ምንባቡን በመተንተን፣ ግማሹ ደግሞ ተማሪው ራሱ ድርሰት ጽፎ የሚገኝ። ምንባቡን ማንም አስቀድሞ እንዳያየው ይጠበቃል። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ማይክል ጎቭ የትምህርት ሚኒስትር ሳሉ በተጀመረው ማሻሻያ፣ በትምህርት ዓመቱ ውስጥ እየተሠራ ይያዝ የነበረው ነጥብ ቀርቶ ሁሉም ነገር መጨረሻ ላይ በፈተና እንዲለይ ተወሰነ። በአዲሱ ፈተና ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተኑት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ያልታየ ምንባብ አይሸመደድም፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ መጽሐፍ ሲያገላብጥ የከረመ ልጅ ያሸንፋል። እንዲህ ነበር የታሰበው።

መምህራኑ ግን ሞኞች አይደሉም። ምንባቡ የማይሸመደድ ከሆነ መልሱ ይሸመደዳል።

ለዚህ የተፈለሰፈው መሣሪያ ስሙ ፒል ነው፤ ሐሳብ፣ ማስረጃ፣ ማብራሪያ፣ ማያያዣ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ፊደል ጨምሮ ፔታል ይለዋል፤ ፊደል የጨመረው ካልጨመረው እንደሚበልጥ ግልጽ ነው። ልጁ ሐሳቡን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጣል፣ ከምንባቡ ሁለት ሦስት ቃል ነቅሎ በትእምርተ ጥቅስ ያጥራል፣ የዘይቤውን ስም ይጠራል፣ ተለዋጭ ነው ወይም ሰውኛ፣ ከዚያ «ይህም አንባቢው እንዲህ እንዲሰማው ያደርጋል» ብሎ ይዘጋል። አንባቢው ማን እንደሆነ አይጠየቅም። ልጁ እንዳልሆነ ብቻ የታወቀ ነው።

በዚህ ጥበብ የአየር ጠባይ ልዩ ክብር አለው። ድርጅቱ ካወጣቸው ናሙና ፈተናዎች አንዱ ዳፍኒ ዱ ሞሪዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ካሳተመችው «ጃማይካ ኢን» መጀመሪያ ላይ የተቀነጨበ ነው። ሜሪ ዬላን የምትባል ወጣት በኅዳር ብርድ በሠረገላ ተሳፍራ ኮርንዎልን ታቋርጣለች፤ ነፋስና ዝናብ ሠረገላውን ይገርፉታል። ያልሠለጠነ አንባቢ ቢሆን ይበርደው ነበር። ወዴት ነው የምትሄደው፣ እዚያስ የሚጠብቃት ማን ነው ብሎ ይጨነቅም ነበር። የሠለጠነው ተማሪ ግን ዝናቡን እንዳየ ፊቱ ይፈካል፤ «የአየር ጠባዩ የገጸ ባሕርይዋን ስሜት ያንጸባርቃል» የምትለው ዐረፍተ ነገር ከመስከረም ጀምሮ ተዘጋጅታ ስትጠብቅ ነበርና። ፀሐይ ብትወጣስ? «የአየር ጠባዩ ከገጸ ባሕርይዋ ስሜት ጋር ይቃረናል።» ጭጋግ ከሆነ ምሥጢራዊ ድባብ ይፈጥራል። ታሪኩ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጸሐፊዋ የአየሩን ጠባይ የደበቀችን ሆን ብላ ነው። እንግሊዝ አገር በኅዳር የሚዘንበው ወሩ ኅዳር ስለሆነ ሊሆን ይችላል የሚል መልስ ብቻ ነው ነጥብ የማያገኘው።

ከፍ ያለ ውጤት ለሚሹ ሌላ ምሥጢር አለ። የእርማት መመሪያው የተማሪዎችን መልስ በአራት ደረጃ ይከፍላል። ታች ያለው ቀላልና ውስን ነው፤ ከሱ በላይ ጥቂት መረዳት የታየበት፤ ከዚያ ግልጽ የሆነው፤ ከሁሉ በላይ አስተዋይነት የተንጸባረቀበት። ከግልጽ ወደ አስተዋይ በምን ይወጣል? በ«ምናልባት»። አስጠኚው በየአንቀጹ ሁለት ምናልባት ያዝዛል፣ አንድ «ሊሆንም ይችላል» ያክልበታል። የእኛ የአንድምታ መምህራንም «አንድም» እያሉ አንዱን ቃል ሲያመላልሱት ይውሉ ነበር፤ ግን ምስኪኖቹ ሁለተኛዋን «አንድም» ለመናገር ከመጽሐፉ ጋር ዓመታት ሲታገሉ፣ ከመምህር እግር ሥር ሲቀመጡ ኖረዋል። ኋላ ቀር አሠራር ነው። እዚህ ልጁ ምንባቡን ባየ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለቱን ምናልባት ደርድሮ ይጨርሳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ቢጣላም ችግር የለም፤ ተጠራጥሯልና አስተዋይ ነው።

ከአራቱ የትንተና ጥያቄዎች ምንባቡን ማንበብ በግድ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ብቻ መሆኑን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከእነዚህ መስመሮች ውስጥ ስለ እገሊት አራት ነገር ዘርዝር ሲል ኖሯል። ኮፍያ አድርጋ ከሆነ፣ ኮፍያ አድርጋለች ይባላል። አራት ነጥብ አለው። አስጠኚዎች ይህን ጥያቄ አይወዱትም፤ ዘዴ የለውም፣ ለዘዴ የሚከፈልበትም የለም።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን የጥበቡ ዘውድ ነው። ጸሐፊው ምንባቡን እንዴት አዋቅሮታል ይላል፤ 8 ነጥብ። ተማሪው የሲኒማ ካሜራ አንሺ ይሆናል፦ መጀመሪያ ትኩረቱ እዚህ ነበር፣ ከዚያ ወደዚያ ዞረ፣ ከዚያ ጠበበ፣ ከዚያ ሰፋ። ከዚያ በኋላ ያቺ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ወረቀት ላይ የምትሰፍረው ዐረፍተ ነገር ትመጣለች፦ «ይህም አንባቢው ማንበቡን እንዲቀጥል ያደርገዋል።»

ለመሆኑ ማነው የቀጠለ? እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 በወጣው የመጀመሪያው ፈተና ልጆቹ ያገኙት ካተሪን ማንስፊልድ ስለ ሮዛቤል የጻፈችውን አጭር ልብ ወለድ ቅንጫቢ ነበር። ሮዛቤል ለንደን ውስጥ ኮፍያ ትሸጣለች። ለምግቧ ሊውል በሚችል ገንዘብ የቫዮሌት አበባ ገዝታ፣ ደክማ፣ አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቀን ሱቅ የመጣች ባለጸጋ ወጣት ከሐሳቧ አትወጣም። ከዚህ በኋላ ማንስፊልድ ልጅቷን ወዴት እንደምትወስዳት ለማወቅ አንድ ምሽት፣ ያውም የምሽት ሩብ ይበቃል፤ ታሪኩ እጅግ አጭር ነው። በቀዝቃዛ ክፍሏ ውስጥ ሆና የዚያችን ሀብታም ሕይወት ራሷ ስትኖረው የምታልምበት፣ የታሪኩ ልብ የሆነው ክፍል ያለው እዚያ ነው። ያን ዕለት «አንባቢው ማንበቡን ይቀጥላል» ብለው ከጻፉት ልጆች መካከል ቤቱ ገብቶ የቀጠለ ካለ፣ ያስተማረው ትምህርት ቤት ማብራሪያ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ልጁ ፈተናው ማለቁን አልተነገረውም ማለት ነው። አበው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ያሉትን እነዚህ ልጆች በ8 ነጥብ ሠርተው አሳይተዋል፤ ያልነበረ ጉጉት ለቅመው፣ ከምረው፣ በማስረጃ አስደግፈው አስረክበዋል።

አራተኛው ጥያቄ 20 ነጥብ ይዞ ይመጣልና ሰው ሁሉ ይፈራዋል። እኔን ግን የሚያሳዝነኝ በጥያቄው ውስጥ ያለው ተማሪ ነው። «አንድ ተማሪ ይህን ክፍል ካነበበ በኋላ እንዲህ አለ» ይልና አስተያየቱን ያስቀምጣል፤ «ምን ያህል ትስማማለህ?» ይህ ልጅ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያነባል፣ ይገረማል፣ አስተያየት ይሰጣል፤ እስካሁን ግን አላለፈም። በመላው ሥርዓት ውስጥ ምንባቡን ከልቡ ያነበበው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሌሎቹ ሥራቸው ከሱ ጋር መስማማት ነው። አለመስማማት አይከለከልም፤ ጊዜ ይፈጃል ተብሎ ይመከራል እንጂ።

ወደ ድርሰቱ ስንመጣ ነገሩ አጭር ነው፤ ድርሰቱ ቤት ተጽፎ ያለቀ ነውና። ሥዕል ይሰጣል ወይም ርዕስ ይሰጣል፤ ተማሪው የሸመደደውን ታሪክ ያወጣና በሩን ብቻ ይቀይርለታል። ባሕር ዳርቻ ከተጠየቀ ያ ብቸኛ ሽማግሌ ባሕር ዳር ይቆማል፣ ባቡር ጣቢያ ከተጠየቀ ባቡር ጣቢያ። የአንድ ወዳጄ ልጅ ሽማግሌውን ጫካም፣ ገበያም፣ የተተወ መዝናኛ ፓርክም ወስዶታል፤ ምስኪኑ አረፍ ብሎ አያውቅም። አንድ ነጠላ ቃል ብቻውን አንቀጽ ይሆናል። አንድ ድርብ ሰረዝ የግድ ይገባል፤ ለምን ገባህ ተብሎ አይጠየቅም፤ 16 ነጥብ ለቃላት፣ ለሥርዓተ ነጥብና ለሰዋስው የተመደበ ነውና ድርብ ሰረዙ የምሥክርነት ቃሉን ሰጥቶ ይወጣል።

ሥነ ጽሑፍስ የት ሄደ የሚል ይኖራል። ራሱን የቻለ ሌላ ፈተና አለው፤ እዚያ «ማክቤዝ»ን የመሰለ ሙሉ ሥራ ይጠናል። መጽሐፍ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ግን ማክቤዝ በማጥኛ ካርድ ተቆራርጦ ይዋጣል።

ይህን ሁሉ የሚያስተምሩት ሰዎች ክፉዎች ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ ነበር። አብዛኞቹ ወደ ሙያው የገቡት መጽሐፍ ስለሚወዱ ነው፤ ጓዳቸው ብትገቡ መደርደሪያው አጎንብሷል። ነገር ግን ትምህርት ቤት በውጤት ይለካል፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይወጣል። ፕሮግረስ ኤይት በተባለው መለኪያ ተማሪው ቋንቋውንም ሥነ ጽሑፉንም ከተፈተነ የእንግሊዝኛው ውጤት እጥፍ ይቆጠራል። ርዕሰ መምህሩ «ልጆቹ ሮዛቤልን ወደዷት?» ብለው የሚጠይቁበት ዓምድ በሰንጠረዡ ላይ የለም። ስለዚህ መጽሐፍ ወዳዱ መምህር ጠዋት ካርዱን ያድላል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ በድብቅ ያነባል።

የእኛም ሰዎች ወደ ኋላ አልቀሩም። ለንደን የሚኖሩ ወላጆቻችን ትምህርት በሚባል ነገር አይቀልዱም፤ ከቤት ኪራይ ቀንሰው የቅዳሜ አስጠኚ ይቀጥራሉ። ልጅ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ወፍራም ልብ ወለድ ሲያነብ የተገኘ እንደሆነ ግን እናት ከማድ ቤት ብቅ ትላለች። «አንተ ልጅ! ፈተናህ ደርሶ ታሪክ ታነባለህ? ተነሥና እንግሊዝኛህን አጥና!» ልጁ መጽሐፉን ዘግቶ ይነሣና ካርዶቹን ያነሣል። እናት አልተሳሳተችም፤ የአስጠኚው ዋጋ በሰዓት ስንት እንደሆነ እሷ ናት የምታውቀው። የተሳሳተው መጽሐፉ ነው፤ መስመሮቹ አልተቆጠሩም።

ፍሬው እየታየ ነው። ናሽናል ሊትረሲ ትረስት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት በትርፍ ጊዜያቸው ማንበብ ያስደስተናል ያሉት ከ8 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ነበሩ፤ ድርጅቱ ይህን መጠየቅ ከጀመረበት ከ2005 አንሥቶ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከታየው ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። ስልኩም የራሱ ድርሻ አለው፣ ሁሉን በፈተናው ማሳበብ ግፍ ነው። ቢሆንም ማንበብን ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በዚህ መልክ አስተዋውቆ በትርፍ ጊዜው እንዲናፍቀው መጠበቅ ድፍረት ይጠይቃል።

ማለፊያ የሆነውን ደረጃ 4 ያላገኘ ልጅ ደግሞ አይጣልም። ወደ ቀጣዩ ትምህርት ሲገባ እንግሊዝኛውን አብሮ መቀጠል አለበት፤ ቧንቧ ሥራ ይማር፣ ፀጉር ሥራ ይማር፣ በኅዳር ወይም በሰኔ ተመልሶ ስለ ድባብ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በሰኔው ፈተና አሥራ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ሆነው ከተፈተኑት መካከል ደረጃ 4 የደረሱት ከአምስቱ አንዱ ገደማ ናቸው። ለአራቱ የሚሰጣቸው መድኃኒት ያው ካርድ ነው፤ በዚህ ጊዜ በተለያየ ቀለም የታተመ።

ለፈተና አዘጋጆቹ የማቀርበው አንድ የቁጠባ ሐሳብ አለኝ። ምንባቡን ያስቀሩት። የመስመር ቁጥሮቹ ብቻ ይታተሙ፤ ከ1 እስከ መጨረሻው፣ በጎናቸው ባዶ ወረቀት። ለደራሲያን ወራሾች የሚከፈለው ይድናል፣ ቀለም ይድናል፣ የንባብ ተብሎ የሚመደበው ሩብ ሰዓትም ለድርሰቱ ይተርፋል። ዝናቡ የሜሪን ስሜት ያንጸባርቃል፣ ትኩረቱ ይጠብባል ይሰፋል፣ ምናልባቶቹ በየቦታቸው ይገኛሉ፣ ያ ምስኪን ተማሪም አስተያየቱን ሰጥቶ ሁሉም ይስማማለታል። ልጆቹ የሚቸገሩት የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አራት ነጥብ ነው፤ ይዝለሉት።