ተኩላው ሽሮ ይበላል

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖረው ሐበሻ ውሻ ማሳደግ ከጀመረ ወዲህ የቅዳሜ ከሰዓቱን የሚያሳልፍበት አዲስ ቦታ አግኝቷል፤ የቤት እንስሳት መደብር። ደረቅ የውሻ ምግብ ከወለል እስከ ጣሪያ በተደረደረበት መተላለፊያ ቆሞ ሰው ማየት ከሲኒማ ይሻላል። ጤፍ ሲገዛ «ነጭ ነው ሠርገኛ?» ብሎ ብቻ ተሸክሞ የሚወጣ አባወራ እዚህ ሲደርስ መነጽሩን ያወልቃል፣ መልሶ ያጠልቃል፣ ከረጢት ያገላብጣል፣ ፎቶ አንስቶ ለሚስቱ ይልካል፣ መልስ እስኪመጣም የሌላውን ሰው ጋሪ በጎን እየሰለለ ይጠብቃል። መልሱ አይዘገይም፤ «እሱን አይደለም፣ ተኩላ ያለበትን!»

ተኩላ ያለበት ሞልቷል። በረዶ ላይ ቆሞ ሸለቆ የሚቃኝ አለ፤ ጨረቃ አይቶ የሚያላዝን አለ። ከሥሩ ሳልመን ከወንዝ ይዘላል፣ ቀይ ሥጋ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጋድሟል፣ ብሉቤሪ እዚህም እዚያም ተበትኗል። ቤት የቀረው ውሻ ሺትዙ ነው፤ እመቤቲቱ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ የሚጓዝ፣ ካፊያ ሲያይ «ዛሬስ አልወጣም» ብሎ ምንጣፉ ላይ የሚዘረጋ።

በዘር ሐረጉ የተኩላ ወገን መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን በፈረንጆቹ 2013 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት እንደሚያሳየው፣ ውሻ ከሰው ጋር መኖር ሲጀምር ስታርች ለመፍጨት የሚረዳውን ዘረመል አብዝቷል። ተኩላ ከዚህ ዘረመል ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው ውሻ ከ4 እስከ 30 ቅጂ ይይዛል። የሰው ፍርፋሪ እየለቀመ ሆዱን ከሰው ጋር አስማምቷል ማለት ነው። በእንጀራ ትርፍራፊ አድጎ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ የሚያድረውን የሰፈራችንን ውሻ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ዜና አይደለም።

ከተኩላው ሥር በትልቁ «እህል የለበትም» የሚል ጽሑፍ አለ። ስንዴ፣ በቆሎና ሩዝ ወጥተዋል፤ ተኩላ አጨዳ አይወጣማ! ይሁን። ግን ደረቅ ምግብ የሚሠራው ሊጡ በእንፋሎትና በግፊት በማሽን ውስጥ ተገፍቶ ሲወጣ እየተቆረጠ ነው፤ ሊጡን አያይዞ የሚይዝ ስታርች ካልገባበት ደግሞ ቅርጽ አይዝም። ስለዚህ በስንዴው ቦታ ሌላ ነገር መግባት ነበረበት። ምን ገባ? አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ድንች።

እዚህ ላይ ሐበሻው ቤት የሚሆነውን አስቡት። ዐቢይ ጾም ገብቶ ቤተሰቡ 55 ቀን በሽሮና በምስር ሲሰነብት፣ ማእድ ቤቱ ጥግ ያለው «ተኩላ» ደግሞ ሰማንያ ምናምን ዶላር የወጣበትን አተር፣ ምስርና ሽምብራ ከዶሮ ዱቄት ጋር ተለውሶ ይቆረጥማል። አባወራው ጎንበስ ብሎ «አንተስ ታድለሃል፣ ሥጋ በሥጋ ሆነሃል» ይለዋል።

ቀልዱ ጭራ አለው። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ አተርና ምስርን የመሳሰሉ ጥራጥሬዎች ወይም ድንች የበዛበት ምግብ የሚበሉ አንዳንድ ውሾች ልባቸው እየሰፋና እየደከመ መታመማቸውን የሚገልጹ ሪፖርቶች ስለደረሱት ነገሩን እየመረመረ መሆኑን አስታወቀ። በ2022 መጨረሻ ላይ ደግሞ የደረሱት ሪፖርቶች ብቻቸውን መንሥኤውን ለማረጋገጥ አይበቁም አለ። ይህን ለአንድ ወዳጄ ብነግረው «እንግዲያው ተኩላውን ልተወው?» ሲል ጠየቀኝ። ሐኪም ለእህል አለርጂ አለበት ብሎህ ነበር ወይ ብለው፣ «አይ፣ ጎረቤቴ እሱን ስለሚገዛ ነው» አለኝ።

ሚስጥሩ ያለው ጎረቤቱ ጋ ነው። ውሻው ተኩላ ያለበትን አምጡልኝ አላለም። ከደረቁ ምግብ መካከል ጣል ጣል የተደረገውን ቀይና አረንጓዴ ፍሬ እንኳ፣ ቀዩ ሥጋ አረንጓዴው አትክልት መስሎ የሚታየው ለጌታው ነው፤ ውሻ ቀይና አረንጓዴን በደንብ አይለይም። ከረጢቱን የሚያስመርጠው ይሉኝታ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ምን ትላለች፣ የእንስሳት ሐኪሙ «ምን ታበላዋለህ?» ሲል ምን እመልሳለሁ፣ እንግዳ መጥቶ ጋራዥ ውስጥ ርካሹን ቢያይስ? የውዱን ከረጢት ባዶውን ሳይጥል፣ ርካሹን እየገለበጠበት ዓመት የከረመ ሰው አውቃለሁ። ውሻው ልዩነቱን አልነገረበትም፤ ጨዋ ውሻ ነው።

ለነገሩ ይሉኝታውን እኛ አልጀመርነውም። ጄምስ ስፕራት የሚባል አሜሪካዊ የመብረቅ መከላከያ ሊሸጥ ሎንዶን ሄዶ፣ ወደቡ ላይ ውሾች የመርከበኞችን ደረቅ ብስኩት ሲሻሙ አየ ይባላል። በ1860 ገደማ ስንዴና አትክልት ከሥጋ ጋር ጋግሮ የውሻ ብስኩት አወጣ። ገበያው ደግሞ ለአደን ብዙ ውሻ የሚያረባው የእንግሊዝ ባላባት ነበር። በስፕራት ድርጅት ውስጥ ሠራተኛ የነበረው ቻርልስ ክራፍት በ1891 በስሙ የሚጠራውን ታላቅ የውሾች ትርኢት ጀመረ። የውሻ ምግብና የውሻ ቁንጅና ውድድር ከአንድ መሥሪያ ቤት መውጣታቸው የሚገርም አይደለም፤ በሁለቱም የሚታየው ጌታው ነው። የዛሬውን ዓይነት ደረቅ ምግብ ያስፋፋው ራልስተን ፒዩሪና ደግሞ በ1950ዎቹ የሰው ቁርስ የሚያመርትበትን ማሽን ለውሻ አዋለ። ተኩላው ከልጆቻችን የቁርስ ካርቶን ጋር የማሽን ዘመድ ነው።

ከፊት ገጹ ሥዕል ይልቅ ስሙን ማንበብ ይጠቅማል፤ ስም በሕግ የተለካ ነውና። የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር፣ በአጭሩ አፍኮ፣ አብዛኞቹ ግዛቶች የሚከተሉትን ደንብ አውጥቷል። ምግቡ በደፈናው «የዶሮ» ተብሎ ከተሰየመ 95 በመቶው ዶሮ መሆን አለበት፤ ደረቅ ምግብ ላይ ይህ እምብዛም አይገኝም። «የዶሮ እራት» ወይም «የዶሮ ገበታ» ከተባለ 25 በመቶ ይበቃል። «ዶሮ ያለበት» ከሆነ 3 በመቶ። «የዶሮ ጣዕም» ካለ ግን መጠን የለውም፤ ጣዕሙ መኖሩ ከታወቀ በቂ ነው። በዚህ ሕግ ከሄድን የፋሲካ ዶሮ በተሠራበት ድስት ውስጥ በማግስቱ የተንተከተከ ሽሮ «የዶሮ ጣዕም ያለው» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። በ3 በመቶውማ ከአሥራ ሁለቱ ብልት የግማሽ ክንፍ እንኳ አይደርስህም።

ይህን የሰማ ሰው ብልጥ ሆኖ ከጀርባ ወዳለው የግብዓቶች ዝርዝር ይሮጣል። «መጀመሪያ የተጻፈው ዶሮ ነው!» ብሎ ይደሰታል። ዝርዝሩ የሚቀመጠው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ ክብደቱ ግን የሚለካው ከመብሰሉ በፊት ነው። ትኩስ ዶሮ 70 በመቶ ገደማው ውሃ ስለሆነ፣ ውሃው በማሽኑ ውስጥ ሲተን ዶሮው ከአንደኛነቱ ወርዶ የት እንደሚቀመጥ እሱ ያውቃል። ያ ሁሉ ሰው የሚጠየፈው «የዶሮ ዱቄት» ደግሞ ቀድሞ የደረቀ ስለሆነ በክብደቱ ልክ የበለጠ ፕሮቲን ይዞ ይገባል። አተሩም ቢሆን «አተር»፣ «የአተር ፕሮቲን»፣ «የአተር አሰር» ተብሎ ሦስት ቦታ ሲከፋፈል ሦስቱም ከዶሮው በታች ይሰለፋሉ፤ ተደምረው ቢጻፉ ዶሮውን በለጡት ነበር።

መነጽሩ ሥራ የሚያገኘው ከጀርባ፣ ከባርኮዱ አካባቢ በደቃቁ የተጻፈችው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ማንም ፎቶ አያነሳትም። ምግቡ «ሙሉና የተመጣጠነ» መሆኑንና ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነ የምትናገረው እሷ ናት፤ ለቡችላ፣ ለአዋቂ ወይስ ለሁሉም። አፍኮ፣ የምግቡ ውሃ ተቀንሶ ሲሰላ፣ ለአዋቂ ውሻ ቢያንስ 18 በመቶ፣ ለቡችላ 22.5 በመቶ ፕሮቲን ይጠይቃል። ትልቅ የሚሆን ዝርያ ቡችላ የያዘ ሰው፣ ካልሲየሙ ሲበዛ አጥንቱን ስለሚያበላሽበት፣ ጽሑፏ ትልልቅ ውሾችንም እንደምትጨምር ማየት አለበት። ከዚያ ደግሞ «መመዘኛውን እንዲያሟላ ተቀምሟል» ወይም «በውሾች ላይ ተሞክሯል» ትላለች። ሙከራው ራሱ የዓለም ጉድ አይደለም። ለአዋቂ ውሻ ምግብ ቢያንስ 8 ውሾች ለ26 ሳምንት ይበሉታል፤ ስድስቱ ከጨረሱ ይበቃል። ቢሆንም ከተኩላው ሥዕል የተሻለ ምስክር ነው። «ፕሪሚየም» የሚለው ቃልማ ትርጉሙን የሚደነግግ ሕግ የለውም፤ ያሻው ይጽፈዋል።

ምርጫው አልቆ ከረጢቱ ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከጎጃም ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናት ሳህኑን አይተው «ልጄ፣ ይኼን ጠጠር በደረቁ ትሰጠዋለህ? አንቆት ይሞታል!» ይላሉ። ዘወር ሲልላቸው የዶሮ ወጥ ጠብ ያደርጉበታል። የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ልጅየው ይህን ሊያስረዳ ሲሞክር «አገር ቤት ስንቱን ውሻ ወጥ አብልቼ አሳድጌያለሁ» ይባላል፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያበቃል። ውሻው ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረቁን አሽትቶ ይተውና እማማ የተኙበት ክፍል በር ላይ ይሰፍራል።

የልኬቱ ነገርም አለ። ከረጢቱ «በቀን ሁለት ኩባያ» ሲል ማእድ ቤት የሚለካበትን መስፈሪያ ማለቱ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ኩባያ ግን ከስታዲየም በትዝታ የመጣ የለስላሳ መጠጫ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ይጠቀልላል፣ አናቱም ላይ ይቆለላል። ስለዚህ ውሻው ይወፍራል። ሐኪሙ ጎኑን ዳብሶ የጎድን አጥንት ፈልጎ ሲያጣ፣ ጌታው የሚወቅሰው ምግቡን ነው፤ «ይኼ እህል አለው መሰለኝ» ብሎ ወደ መተላለፊያው ይመለሳል።

የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት አንድ ነገር አለ፤ አምራቹን ደውሎ መጠየቅ። ቀመሩን ማን ሠራው፣ በእንስሳት ሥነ ምግብ የሠለጠነ ባለሙያ በቋሚነት ቀጥራችኋል ወይ፣ የት ነው የሚመረተው፣ ጥራቱን እንዴት ትቆጣጠራላችሁ? የአብዛኛው ከረጢት ጀርባ ላይ ስልክ ቁጥር አለ፤ ደውሎ የጠየቀ ሐበሻ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ቡና ላይ የሚጠየቀው ያው ወፍራም ውሻ ያለው ጎረቤት ነው።