«የለም፤ ከውጭ ግዙ»

እናቴ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። የጤና መድን መዋጮዋን አንድም ዓመት አስተጓጉላ አታውቅም። በቀጠሮዋ ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ፣ የመድን ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ወደ ጤና ጣቢያ ትወጣለች። ካርድ ክፍል ተሰልፋ ሐኪሙ ዘንድ እስክትደርስ ቀኑ ይጋመሳል። ከዚያ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት አለ። ባለሙያዋ ወረቀቱን አየት አድርጋ «የለም» የሚል ማህተም ታሳርፍበታለች። «እማማ፣ ከውጭ ግዙ።» ለዚህች ቃል ማህተም እስኪቀረጽ ድረስ ለምደናታል ማለት ነው። ዘንድሮ ገና ጥር ሳይወጣ ከውጭ የገዛንላት መድኃኒት የዓመት መዋጮዋን አልፎታል።

ባለሙያዋን አልወቅስም። ጤና ጣቢያው የመድን አባሉን በዱቤ ያክማል፤ ሒሳቡን ለመድኑ ይልካል፤ ክፍያው ሲዘገይበት መድኃኒት የሚያነሳበት ገንዘብ ያጣል። መዘዙ መስኮቱ ፊት የቆመችው እናቴ ላይ ያርፋል።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ የራሳችን አታካች ጉዳይ አለን። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። መዋጮው ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ነው ተብሏል። ሊጀመር ነው ይባላል፣ አዳራሽ እንጠራለን፣ እንጮኻለን፣ ይራዘማል። መንግሥት መጀመሪያ ክፈሉ፣ አገልግሎቱ በገንዘባችሁ ይሻሻላል ይላል። ሠራተኛው መጀመሪያ መድኃኒቱን አሳዩን ይላል። ግብርና ጡረታ ተቆርጦለት ከወር ወር በማያደርስ ደመወዝ ላይ ሌላ ተቆራጭ ሲመጣ ሰው ቢጮኽ አይፈረድበትም።

ይህን የምለው መድንን ጠልቼ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ገበሬው ለመታከሚያ በሬውን እንዳይሸጥ የታሰበ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ሐሳብም አላውቅም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ይህን የመሰለ ነገር በባዶ መደርደሪያ ምክንያት ሰው እየጠላው ነው። የመንደራችን ሰው ደብተሩን ለማሳደስ ሲጠየቅ «ለወረቀት ነው?» እያለ መመለስ ጀምሯል።

እባካችሁ፣ ከእንግዲህ ለውይይት ስትጠሩን የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ይዛችሁ ኑ። የቱ በየትኛው ጤና ጣቢያ እንዳለ፣ የቱ እንደጠፋና መቼ እንደሚገባ ንገሩን። ስለ 3 በመቶው ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።